ገላዋን ያየ፣ ረሃቧን ያላየ መንደር

ስለ ደቡብ ኮሪያ ወሬ በተነሳ ቁጥር «ቃኘው ሲዘምት እኮ ከእኛ የባሰች ድሃ ነበረች» እንላለን። ያ ድህነት በአንዲት ሴት ጓዳ ውስጥ ምን ይመስል እንደነበር ግን ስንቶቻችን አስበናል?

ይህን የሚያሳይ አንድ የቆየ ፊልም አለ። ስሙ «ፖንግ» ነው፤ የሐር ትል የሚመገበው የመልበሪ ቅጠል ማለት ነው። ሊ ዱዮንግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ያዘጋጀው ሲሆን፣ መነሻው ና ዶህያንግ በ1925 ያሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ደራሲው በሚቀጥለው ዓመት ገና በ24 ዓመቱ አረፈ። የልብ ወለዱ መቼት ቾርዎን፣ ጋንግዎን ክፍለ ሀገር ነው። የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ የቆመባት ቹንቾንም በዚያው ክፍለ ሀገር ናት።

ዘመኑ የጃፓን ቅኝ አገዛዝ ነው። የባለታሪኳ ባል ሳምቦ ቁማርተኛ ነው፤ ወጥቶ ይከርማል፣ ሲያሰኘው ብቅ ይላል። እሷ መሬትም ጎተራም የላትም። ስለዚህ እህል ካላቸው ወንዶች ጋር እየተኛች ትኖራለች። መንደሩ ሁሉ ያማታል፤ የሚከፍሉትን ወንዶች ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ብዙ ሰው ፊልሙን የሚያስታውሰው በአልጋ ትዕይንቱና በሳቁ ነው። የወቅቱ ወታደራዊ መንግሥት ፖለቲካ የነካ ፊልም ሲቆርጥ፣ እንዲህ ያለውን ያሳልፍ ነበር። ለእኔ ግን ፊልሙ የሂሳብ መዝገብ ነው፦ ይህን ያህል እህል፣ ይህን ያህል ገላ።

በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ያልተሸጠ ነገር አለ። የጎረቤት አሽከር የሆነው ሳምዶል ይመኛታል፤ እሷ ግን እምቢ ትለዋለች። ለሐር ትሉ ቅጠል ሊሰርቁ ሌሊት አብረው ይሄዳሉ። ጠባቂው ሲደርስ እሱ ያመልጣል፣ እሷ ትያዛለች፤ የምትለቀቀውም በገላዋ ከፍላ ነው። ጥሏት የሸሸው ሰው በኋላ ራሱን እንደ ተበደለ ይቆጥራል። «ለሌላው ሆና ለእኔ እንዴት አትሆንም?» የሚል ስሌት ነው። ይህ ስሌት በኮሪያ ገጠር የቀረ ይመስላችኋል? ድሃ ሴት አንዴ ከተሸነፈች፣ ከዚያ በኋላ እምቢ የማለት መብት የላትም ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬም በየሰፈሩ አለ።

በፊልሙ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። መጨረሻው ላይ ባልየው የነጻነት ታጋይ መሆኑን ይጠቁመናል። በዚህም የእሱ መጥፋት ክብር ያገኛል፤ የእሷ ረሃብ ግን እንደነበረ ይቀራል። ልብ ወለዱ የበለጠ ሐቀኛ ነው። ባልየው ደብድቧት ይሄዳል፣ እሷ እንደ ድሮዋ ትቀጥላለች፤ ታሪኩም የሐሩ ገቢ ሠላሳ ሠላሳ ዎን ተከፋፍሎ ያበቃል። ጀግና የለም፣ ትምህርት የለም።

ፊልሙን ካገኛችሁት እዩት። ስትስቁ ግን ማን ላይ እየሳቃችሁ እንደሆነ ልብ በሉ።