የማስረዳት ሸክሙ ወደ ባንኩ ይዙር

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ባጋጠመው ችግር ብዙ ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ባንኩ ግን ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ በቀናት ውስጥ ለየ፤ ያልመለሱትንም ስምና ፎቶግራፍ በየቅርንጫፉ እስከ መለጠፍ ደረሰ። አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ባንክ ሲጎዳ የእያንዳንዱ ዝውውር ዱካ በእጁ እንዳለ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም። ተጎጂው ደንበኛ ሲሆንስ? ሳያውቀው ገንዘቡ የተዛወረበት ሰው ቅርንጫፍ ሲሄድ በአብዛኛው የሚሰማው «በራስዎ የሚስጥር ቁጥር ነው የተላከው» የሚል መልስ ነው። ከየትኛው ስልክ እንደተላከ፣ ማረጋገጫው ወዴት እንደሄደ የሚያሳየው መዝገብ ያለው ባንኩ ዘንድ ሆኖ ሳለ፣ አስረዳ የሚባለው መዝገቡን አይቶት የማያውቀው ደንበኛ ነው።

ሕግ አላወጣንም ማለት አይቻልም። የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ከወጣ ቆይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ተሻሽሎም ለውጭ ባለሀብቶች በር ከፍቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ወጥቷል። እስካሁን ትኩረቱ ግን በአመዛኙ ፈቃድ በመስጠትና አገልግሎቱን በማስፋት ላይ ነው። ቴሌብርና ኤምፔሳ ባንክ ደጃፍ ረግጦ የማያውቀውን ሰው ሳይቀር ወደ ሥርዓቱ ባስገቡበት ዘመን፣ የጥበቃው ሕግም እኩል ሊራመድ ይገባል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማስረዳት ሸክሙን በባንኩ ላይ ጥሏል። ጥፋቱ የሦስተኛ ወገን ሆኖ ደንበኛው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ካሳወቀ ኪሳራ አይነካውም፤ ባንኩም ገንዘቡን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ በጊዜያዊነት መልሶ፣ አቤቱታውን በ90 ቀናት ውስጥ መቋጨት አለበት።

«ይህ ቸልተኛውን ያበረታታል፤ ተመሳጥሮ የሚያጭበረብርንም ይጋብዛል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መመሪያው ግን መልሱን ይዟል። የሚስጥር ቁጥሩን ለሌላ የሰጠ ደንበኛ እስኪያሳውቅ ድረስ ያለውን ኪሳራ ራሱ ይሸከማል፤ ካሳወቀ በኋላ ያለው የባንኩ ነው። የተመሳጠረውንም ዱካው ያጋልጠዋል። «ወጪው ከባድ ነው» ለሚሉም፣ ኪሳራውን የሚሸከም ተቋም ብቻ ነው ጥበቃውን ለማጠናከር የሚቸኩለው። ብሔራዊ ባንክ የማስረዳት ሸክሙን፣ የማሳወቂያ ጊዜውንና የመመለሻ ቀነ ገደቡን በማያሻማ ቃል ይደንግግ። ሕዝቡን ጥሬ ገንዘብ ተው ስንል፣ ያስቀመጠው ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅም አብረን ልንነግረው ይገባል።