መንገድ ላይ ጥለነው የሄድነው



እኛ ሶዶ የምንኖር ሰዎች ከማናውቃቸው ጋር ባጃጅ ተጋርተን መሄድ ለምደናል። «ወራጅ አለ» ብለን ከወረድን በኋላ ለባጃጁ የሚያስብለት ሹፌሩ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ከባለቤቴ ጋር ዘመድ ልንጠይቅ ዋሽንግተን ዲሲ ሄደን፣ ሹፌር የሌለው የጋራ መጓጓዣ አየሁ። ቆመው የሚነዱት በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስኩተር ነው። በስልክ ይከፈታል፤ ሂሳቡም በደቂቃ ይቆጠራል። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወስደዋል።

የእህቴ ልጅ አበረታታኝና ሞከርኩት። በእግሬ ገፋ አድርጌ ፍጥነት መጨመሪያውን ስጫን ተፈተለከ፤ «ኢየሱስ!» ብዬ ጮኽኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ በሳቅ ሞተ። ስንደርስ ለመገላገል ቸኩዬ እግረኛው መንገድ መሃል አቆምኩት።

ባለቤቴ ሳቁን ትቶ፣ «ዓይኑ የማያይ ሰው በዚህ ቢያልፍስ?» አለኝ።

አፈርኩ። ተመልሼ ከብስክሌት ማሰሪያው ብረት ጋር አሰርኩት። ለካስ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ እንዲታሰር ደንግጓል! በፓሪስማ በኤፕሪል 2023 ሕዝቡ ተጠይቆ፣ ድምፅ ከሰጡት 89 በመቶ ያህሉ የኪራይ ስኩተር ይቅርብን አሉ፤ በዚያው ዓመት ከሴፕቴምበር ጀምሮም ቀረ። ካስመረሯቸው ነገሮች አንዱ በየመንገዱ ተጥሎ መገኘቱ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዕውር ፊት ዕንቅፋት እንዳናኖር የሚያዘው የዘሌዋውያን 19፥14 ቃል ልቤን ያዘው። ከጉዞው በፊት በእንግዳ ብዛት ተማርሬ፣ በልጆቻችን ፊት ባለቤቴን የሚያዋርድ ቃል ተናግሬ ነበር። እኔ ተናግሬ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ቃሉ ግን የጣልኩበት ቦታ ቀርቷል።

«ያኔ የተናገርኩህን ታስታውሳለህ?» አልኩት።

ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አልረሳሁትም» አለኝ።

ይቅርታ ጠየቅሁት፤ አብረን ጸለይን። ሶዶ ስንመለስ ልጆቹንም ሰብስቤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ እነርሱም ሰምተው ነበርና።

የተወደዳችሁ ባልና ሚስት፣ ብዙዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ስለ ንግግራችን እንጠነቀቃለን። በቤት ግን የተናገርነውን ጥለን እናልፋለን፤ የሚደናቀፍበት የትዳር ጓደኛችንና ልጆቻችን ናቸው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፦ መንገድህ ላይ፣ መንገድሽ ላይ የጣልኩት ነገር አለ? መልሱ ቢያምም እናንሳው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።