ስለ ሦስተኛው መጽሐፍ

ባለፈው ክረምት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ እንጭኒ ወጥተን ነበር። እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአዳ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሩ ደጋ ስለ ሆነ በክረምት ሰው ሁሉ በጊዜ ገብቶ እሳት ይሞቃል። ባረፍንበትም ቤት እናትዋ የሞተችባት አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አለች። ይህች ልጅ በውጭ አገር ያለች አክስትዋ የላከችላትን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከእሳቱ አጠገብ ስታነብ፥ አያትዋ «አስማት ያለበት ነው አሉ፤ ከቤቴ ይውጣልኝ» ብለው ተቈጡ። አባትዋም በእናቱ ቃልና በልጁ እንባ መካከል ቢጨነቅ «እባክዎ አንብበው ይፍረዱን» ብሎ ለመነን።

መጽሐፉ ከናይጄሪያ ወላጆች በአሜሪካ የተወለደችው ቶሚ አዴዬሚ ለወጣቶች የደረሰችው ባለ ሦስት ክፍል ልብ ወለድ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2010፥ ሁለተኛው በ2012፥ ሦስተኛው በ2016 ዓ.ም. ታተመ። ታሪኩ የሚደረገው በሐሳብ በተፈጠረች ኦሪሻ በምትባል የአፍሪካ መንግሥት ነው። ንጉሡ ከአማልክት ኃይል ተሰጥቶአቸዋል የሚባሉትን ሰዎች ሲያስፈጅ፥ ዜሊ የምትባል ልጅ በሕፃንነትዋ እናትዋን ታጣለች፤ ካደገችም በኋላ የጠፋውን ኃይል ለመመለስ ከወንድምዋና ከቤተ መንግሥት ከኰበለለችው ልዕልት ጋራ ትነሣለች። በመጨረሻው መጽሐፍ ግን ባሕር ተሻግረው የመጡ ጠላቶች ማርከው በመርከብ ይወስዱአታል። ይህን ያነበበ አፍሪካዊ የባሪያ ንግድን ዘመን ሳያስታውስ አይቀርም።

ፍርዳችንም ይህ ነበር። መጽሐፉ አስማት የሚያስተምር አይደለም፤ ኃይል ያገኘ ሰው ምን ያደርግበታል ብሎ የሚጠይቅ ነው እንጂ። በሁለተኛው ክፍል የጠፋው ኃይል ቢመለስም ሰላም አልመጣም፤ መኳንንቱም ኃይሉን ስለ ተካፈሉ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ይህ ነገር ለልጅ ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ለያዘ ሰው ሁሉ ምክር ነው። ጕድለቱን ግን አንሸሽግም። ሦስተኛው ክፍል አዲስ ጠላት ስላመጣ፥ የተዋጉት ወገኖች በአንድ አገር እንዴት አብረው ይኖራሉ የሚለው የፊተኛው ጥያቄ በችኰላ ታለፈ።

ደግሞም እንዲህ ያለ ታሪክ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት ልብ ወለድ ጦቢያ የምትባለው ልጅ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ ሐዲስ ዓለማየሁም «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ በ1948 ዓ.ም. አቅርበዋል። አያቶቻችን አውሬውን ሲያናግሩልን ያደግን ሰዎች ልጆቻችንን በዚህ ልንከስሳቸው አይገባንም።

ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ልጅቱን «ስለ ምን ይህን ያህል ወደድሽው?» ብለን ጠየቅናት። እርስዋም ዓይንዋን ወደ እሳቱ መልሳ «እናትዋ ትመለስ እንደ ሆነ ለማየት ነው» አለች። በቤቱ ውስጥ የነበርን ሁሉ ዝም አልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አያትዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታዲያ ተመለሰች?» ብለው ጠየቁአት። «ገና አልደረስሁበትም፥ አኮ» ብላ መለሰችላቸው። በዚያ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበርና አያትዋ ራሳቸው ተነሥተው ሻማ አበሩላት፤ ከዚያም ያነበበችውን በኦሮምኛ እንድትነግራቸው አዘዙአት።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ እኛ የፈረድነው በመጽሐፉ ነበር፤ ልጅቱ የፈለገችው ግን ሌላ ነገር መሆኑን ከአያትዋ በፊት አላስተዋልንም። ስለዚህ ልጅዎ የያዘውን መጽሐፍ ከመንጠቅዎ በፊት በውስጡ ምን እንደሚፈልግ ይጠይቁት፤ ሲነግርዎም እስከ ፍጻሜው አብረውት ይቀመጡ።