የማይጠወልግ፣ ግን የሚሰበር አበባ

«ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል ያገራችን ሰው። ለጠጅ ቤት ብርሌ አባባሉ እውነት ነው፤ የነቃ ብርሌ ወይ ይጣላል፣ ወይ ከንፈር ይቆርጣል። ነገር ግን ብርጭቆ ሁሉ ለመጠጫ የተሠራ አይደለም። አበባ፣ ወፍ፣ ዓሣ ወይም የሰው መልክ አስመስለው ብርጭቆን በእጃቸው የሚቀርጹ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸውንም እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች ተሰብሮ እንኳ ዋጋውን የማያጣ ብርጭቆ አለ። አንባቢያችን በወር ደመወዝ ወይም ከቤተሰቡ በሚላክለት ገንዘብ የሚኖር ቢሆንም፣ ይህ የባለጸጎች ወሬ ነው ብሎ ገጹን እንዳይገለብጠው እንለምነዋለን፤ ስብስብን የሚያጠፋውም የሚያቆየውም ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ከታች እናያለን።

ከብርጭቆ ስብስቦች ሁሉ እጅግ የሚደነቀው፣ በበኩሌም ወደር የለውም የምለው፣ በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የሚገኘው የብርጭቆ አበባ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ነበር። በ1886 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጅ ሊንከን ጉዴል የተባሉ የዩኒቨርሲቲው የዕፀዋት ሊቅ ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ድሬስደን ከተማ ሄዱ። ያስቸገራቸው ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ለተማሪ የሚያሳዩት አበባ ተጨፍልቆ ሲደርቅ መልኩን ያጣል፣ ከሰም የተቀረጸውም ሸካራ ሆኖ ለትምህርት አይበቃም። በድሬስደን ደግሞ ሊዮፖልድና ሩዶልፍ ብላሽካ የሚባሉ አባትና ልጅ የባሕር እንስሳትን ከብርጭቆ እየሠሩ ለየቤተ መዘክሩ ይሸጡ ነበር። ገበያቸው ደርቶላቸው ስለነበር አበባ እንሥራ አላሉም፤ በብዙ ልመና ጥቂት ናሙና ብቻ ሠርተው ለመላክ እሺ አሉ።

ናሙናው ኒው ዮርክ ሲደርስ በጉምሩክ ፍተሻ ላይ ተሰባበረ። (ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚህ ዓይነት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ቢኖር ነገሩን በልቡ ይያዘው።) ጉዴል የተረከቡት ስብርባሪ ነበር። ሆኖም ከስብርባሪው መካከል የተረፈው እውነተኛውን አበባ እስኪያስት ድረስ የተዋጣ ስለነበር ሊቁ አልተጠራጠሩም፤ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ዌርና ልጃቸው ሜሪ ሊ ዌርም ወጪውን እኛ እንችላለን አሉ። ስብስቡ የወይዘሮዪቱ ባል ለነበሩት ለዶክተር ቻርልስ ኤልየት ዌር መታሰቢያ ሆነ። ሥራው እስከ 1936 ድረስ ኀምሳ ዓመት ያህል ቆየ፤ ወደ 780 የሚጠጉ የዕፀዋት ዓይነቶችን የሚያሳዩ 4300 ያህል ቅርጾችም ወጡ።

እንዴት ሠሩት? ሰው ሁሉ አንድ የተሰወረ መሣሪያ አላቸው ብሎ ይጠረጥራቸው ነበር። መሣሪያቸው ግን ጠረጴዛ፣ የፋኖስ እሳት፣ እሳቱን የሚያናፋ በእግር የሚረገጥ ወናፍ፣ ወረንጦና የመሳሰለው ነበር። የብርጭቆውን ዘንግ በእሳቱ እያለሰለሱ፣ እየሳቡና እየቆነጠጡ ቅጠል ያደርጉታል፤ ግንዱን በውስጡ ያለ ሽቦ ያጸናዋል፤ አንዳንዱ ክፍል በሙጫ ይያያዛል፣ ቀለምም በላዩ ይቀባል። (ይኸው ሽቦ፣ ሙጫና ቀለም ኋላ ጠባቂዎቹን ብዙ አስቸግሯል።) አባትየው በጻፉት ደብዳቤ፣ ምስጢር የሚባል ነገር የለንም፣ ያለን ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጨመረ የወረደ የጣት ስሜት ነው የሚል ሐሳብ ገልጸዋል። ሊዮፖልድ በ1895 ዐረፉ። ሩዶልፍ ብቻቸውን ቀጠሉ፤ ከ1924 እስከ 1932 ባለው ጊዜ በሻጋታና በበሽታ የተበላ እንጆሪ፣ ኮክና ፒር ሠርተዋል። የበሰበሰውን ፍሬ በማይበሰብስ ነገር! ልጅ አልወለዱም፣ ደቀ መዝሙርም አላፈሩም፤ በ1939 ሲሞቱ ያ ከአባት ወደ ልጅ የወረደው ጣት አብሯቸው ሄደ።

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ አንዱ ቢጠፋ የሚተካው የለም ማለት ነው። ሊዮፖልድ ቀደም ብለው፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ መቶ ያህል የኦርኪድ አበባ ሠርተው ነበር፤ ሊዬዥ በምትባል የቤልጅግ ከተማ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ሳለ በ1868 እሳት በላው። እሳት ግን የታወቀ ጠላት ስለሆነ ሰው ይጠነቀቅለታል። የባሰው ጠላት መዘንጋት ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ኮርኔል የተባለው ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1885 ከብላሽካዎች 570 ያህል የባሕር እንስሳት ገዝቶ መምህራኑ ተማሪ ያስተምሩባቸው ነበር። ኋላ ፎቶግራፍና ሲኒማ በረከተ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ማየትም ተቻለ፤ የብርጭቆው ኦክቶፐስ አሮጌ ነገር ተባለና ወደ ዕቃ ቤት ወረደ። ማንም በመዶሻ አልመታውም። አቧራ፣ እርጥበትና ጊዜ ብቻ ሙጫውን አላቀቁት፣ ቀለሙን ላጡት፣ ቀጫጭኑን እጅ ቆረጡት። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ድሩ ሃርቬል የተባሉ የባሕር ሥነ ፍጥረት ሊቅ እነዚህን ቅርጾች በትኩረት መርምረው፣ ሕያዋን አምሳያቸውን በየባሕሩ ሊፈልጉ ተነሡ፤ ታሪኩንም በ2016 በመጽሐፍ አወጡ። ከእንስሳቱ አንዳንዶቹን ዛሬ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ያረጀ የማስተማሪያ ዕቃ የተባለው፣ ባሕሩ ከመቶ ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክር ሰነድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቦታ ይለቀቅ ብሎ «የማያገለግል ዕቃ» በሚለው ዝርዝር ላይ አስፍሮት ቢሆን ኖሮ ምስክሩ አብሮ ይጣል ነበር። ይህን የምጽፈው ከአንባቢዎቻችን መካከል እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያዘጋጁ ብዙ እንደሆኑ ስለማስብ ነው።

ብርጭቆ ይታመማል ቢባል የሚስቅ ይኖራል፤ ግን እውነት ነው። ብርጭቆ የሚገኘው አሸዋ ከሶዳ ወይም ከፖታሽ ጋር ሲቀልጥ ነው፤ ሶዳው አሸዋው ቶሎ እንዲቀልጥ ያግዘዋል፣ የሚጨመርበት ኖራ ደግሞ ብርጭቆው በውሃ እንዳይሟሟ ያጸናዋል። ሶዳው ከበዛ ወይም ኖራው ካነሰ፣ በአየር ያለው እርጥበት ሶዳውን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይስበዋል። ያን ጊዜ ብርጭቆው ያልበዋል፤ ሲዳስሱት ያሟልጫል፣ መልኩ ይደፈርሳል፣ አየሩ ሲደርቅም ገላው እንደ ሸረሪት ድር በቀጫጭን ንቃቃት ይያዛል። ንቃቃቱን የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚቻለው እንዳይባባስ ማድረግ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተ መዘክሮች የአየሩ እርጥበት ከመቶ 40 እስከ 50 ባለው መካከል ሳይዋዥቅ እንዲቆይ ይጥራሉ። እኛ መሣሪያው ባይኖረንም፣ በክረምት ከሚረጥብ ግድግዳና ከማድ ቤት እንፋሎት ልናርቀው፣ ቁም ሣጥኑንም አልፎ አልፎ ልናናፍሰው እንችላለን።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ። አሥር ተራ ነገር ከመግዛት አንድ ደኅና ነገር መግዛት ይሻላል፤ ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የማይቀበሉት ሰብሳቢዎችም አሉ። በእጅ የተሠራውን ከፋብሪካው ለመለየት ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሥተው በዝግታ ያዙሩት። ከላይ እስከ ታች እንደ ስፌት የወረደ ቀጭን መሥመር ካለው ብዙውን ጊዜ በማሽን ቅርጽ የተጨመቀ ነው። ከሥሩ ክብ ጠባሳ ቢያዩ ግን አይናቁት፤ ሠሪው ዕቃውን ይዞበት የነበረው የብረት ዘንግ የተነቀለበት ምልክት ሊሆን ይችላል። ሁለት ወፎች ከአንድ ሠሪ እጅ ቢወጡም በትክክል አንድ አይሆኑም፤ አንድ ከሆኑ ይጠራጠሩ። በተለይ ሙራኖ ለሚለው ስም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቬኒስ መንግሥት ከተማዪቱ በእሳት እንዳትያያዝ ብሎ ከ1291 ጀምሮ ብርጭቆ ሠሪዎቹን ወደ ሙራኖ ደሴት አዛውሯቸዋል፤ የደሴቲቱ ዝና ከዚያ ወዲህ እየገነነ በመሄዱ ሌላ ቦታ የተሠራው ሁሉ በስሟ ይሸጥ ጀመር። በ1994 ለእውነተኛው ሥራ የሚለጠፍ ምልክት በሕግ ወጥቶለታል። ወረቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንምና የሠሪውን ስም መጠየቁ አይቅር።

ከዚያ አንድ ደብተር ያስፈልጋል። የሠሪው ስም፣ የተገዛበት ቦታና ቀን፣ ዋጋው፣ ቁመቱ፣ ሲገዛ የነበረበት ጉድለት ይጻፍበታል። በብርጭቆው ላይ የነበረው የሠሪው ወረቀት ቢያስጠላም አይላጥ። ደብተር የሌለው ስብስብ ባለቤቱ የሞተ ዕለት ተራ ዕቃ ይሆናል፤ ወራሾቹ ምን እንደሆነ አያውቁምና።

አያያዙ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት እንጂ። ቀለበትና ሰዓት አውልቀው፣ በሁለት እጅ፣ ከወፍራሙ ክፍል ይያዙት፤ በክንፉ ወይም በአንገቱ የተነሣ ወፍ ክንፉን ጥሎ ይሄዳል። ቀለም፣ ወርቅ ወይም ሙጫ ያለበትን ውሃ አያስነኩት፤ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። የከሰል ጢስና የዕጣን ጥላሸት የያዘውን ደኅና ብርጭቆ ግን በፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ፎጣ አንጥፈው፣ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ አንድ በአንድ ያጥቡት። ፍል ውሃ ጠላቱ ነው። ብርጭቆ ሲሠራ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ካልቀዘቀዘ በውስጡ የተወጠረ ኀይል ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ማንም ሳይነካው በድንገተኛ ሙቀት ወይም ብርድ ሊፈነዳ ይችላል። ጥርት ያለውን ድቡልቡል ብርጭቆ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወረቀት መጫኛ አድርገው ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አይተዉት። ጨረሩን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ መዝገቡን ሊያቃጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ ለአለቃ ማስረዳት ከባድ ነው።

በመንገድ ላይ የሚጎዳው መውደቅ ብቻ ሳይሆን መንቀጥቀጥም ነው። ከሃርቫርድ አበቦች ጥቂቶቹ በ1976 ለኤግዚቢሽን ወደ ኒው ዮርክ ሲወሰዱ የተጫኑት በሬሳ መኪና ነበር፤ ከመኪና ሁሉ ይልቅ ሳይናወጥ የሚሄደው እርሱ ስለሆነ ነው። እኛ ቤት ስንለቅ ይህን ያህል አንሄድም። ዕቃው ግን በስስ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በትንሽ ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑም ጥጥ ወይም ጨርቅ በተሞላ ትልቅ ካርቶን ውስጥ ይግባ፤ በጉልበት ላይ ይያዝ እንጂ ከመኪና ጣራ ላይ አይጫን።

ቢሰበርስ? መጥረጊያ ለማንሣት አይቸኩሉ። እጅዎን በጓንት ጠብቀው ስብርባሪውን፣ ጤፍ የሚያህለውን ሳይቀር፣ ይልቀሙ። እርስ በርሱ እንዳይፋጭ እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው በአንድ ሳጥን ያኑሩት። በሱቅ የሚሸጠውን ፈጥኖ የሚይዝ ማጣበቂያ አይንኩ፤ ከያዘ በኋላ የተዛነፈውን ማቃናት አይቻልም። የቤተ መዘክር ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሙጫ ብርሃን ሲያልፍበት እንደ ብርጭቆው ስለሚያጥፈው መጋጠሚያው አይታይም ለማለት ይቻላል። ሳጥኑ ባለሙያ እስኪገኝ ዐሥር ዓመትም ሊጠብቅ ይችላል፤ ክዳኑ ላይ ግን ምን እንዳለበት ይጻፍበት፤ አለዚያ የቤት ጽዳት ቀን ቀድሞ ይደርሳል።