ሳይመረመር የተፈረደበት ራውተር

ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፥ ስምንታችን አዋጥተን የገዛነው ባለ ሲም ካርድ ራውተር ሳይነሣ ቀረ። ጽሑፋችንን የምናስረክበው በማግሥቱ ነበር። ወዲያው «ተቃጥሏል» ብለን ፈረድንበት። አንዳችን የሪሴቱን ቀዳዳ በመርፌ ሲወጋ አመሸ፤ ሌላችን ለአዲስ መግዣ መዋጮ ይሰብሰብ አለ። ሶኬቱንና አዳፕተሩን የመረመረ ግን አልነበረም።

ጧት ከጎረቤት ክፍል ተመሳሳይ አዳፕተር ተውሰን ብንሰካ፥ ራውተሩ ነቃ። ለካ የሞተው አዳፕተሩ ኖሯል! መብራት ሲመለስ ኃይሉ ለቅጽበት ከመጠን በላይ ሊሆን ስለሚችል፥ በመጀመሪያ የሚመታው እርሱ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ሥርዓት ይኑረን እንላለን። አስቀድሞ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር መፈተን፤ ቀጥሎ አዳፕተሩን። ተተኪው ጫፉ ስለ ገጠመ ብቻ አይሰካም፤ ቮልቱ 12 ከሆነ 12፥ 5 ከሆነ 5 መሆን አለበት፤ አምፔሩም ከተጻፈው ማነስ የለበትም። ምንም መብራት በማያሳይ ራውተር ላይ ሪሴት መጫን ከንቱ ነው፤ በሚሠራው ላይ ደግሞ የይለፍ ቃሉንና ማስተካከያውን ሁሉ ይደመስሳል። መብራት ሲጠፋም ነቅሎ፥ ተመልሶ እስኪረጋ መጠበቅ የሁላችንም ተግባር ነው።

«ይህ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው» የሚለን ይኖር ይሆናል። እኛ የአርትስ ተማሪዎች ግን ማስረጃ ሳይመረምሩ መፍረድ ነውር መሆኑን በየቀኑ እንማራለን፤ በፈተና ወረቀትም እንጽፈዋለን። በሶኬቱ ፊት ከረሳነው፥ ትምህርታችን ምኑ ላይ ነው?