መርጃ መሣሪያው ወንዝ ዳር ነው

መተማ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁበት ጦርነት፣ ከዚያም ሙቀቱና ሰሊጡ ነው። ሽንፋ ወንዝ ዳር ግን ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ድንጋይ እየጠረቡ፣ ዓሣ እያጠመዱ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ከተገኙት የድንጋይ ስለቶች ትናንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘኖች የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ታዲያ እኛ ዕጩ መምህራን ይህን ትምህርት በጠመኔ ሥዕል ብቻ ልናልፈው ነው? የለም! ተማሪው ከወንዝ ዳር ድንጋይ ይምረጥ፣ መምህሩ ይስበር። ሸካራውና አሸዋማው ይፈረፈራልና ይቅር። እንደ ባልጩት ልሙጥ የሆነው፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ነው የሚፈለገው። ጠርዙን በሌላ ጠንካራ ድንጋይ ሲመቱት ስለቱ እንደ ምላጭ የሆነ ስባሪ ይወጣዋል። ፍንጣሪው ዓይን ያጠፋልና ልጆቹ ራቅ ብለው ይዩ።

«ይህ የጥንት ነገር ምን ይረባል?» የሚሉን አሉ። የኮንሶ ሴቶች ቆዳ መፋቂያቸውን ከድንጋይ ሲጠርቡ እኮ በእኛው ዘመን ታይቷል። ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ አይናቅም።

አንድ አደራ ግን አለን። የምንሰብረው የዛሬውን ድንጋይ ብቻ ይሁን። የጥንቱ ሰው የጠረበውን ያየ ካለበት አያንሳው፤ ከቦታው ከተነሳ ዕድሜውን የሚናገርለት የለም። ይህን ለልጆቹ ካላስተማርን፣ የሽንፋ ታሪክ በየኪሱ ገብቶ ይቀራል።