ማኅተም የሌለው ድምፅ



በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙዎቻችን ገንዘብ በእጅ ስልክ ውስጥ ማደር ለምዷል፤ ሌባውም ወደዚያው ተከትሎታል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅተም የጎደለውን ደብዳቤ ለባለጉዳዩ እንመልሳለን፤ «ከባንክ ነው የምደውለው፤ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለ ሆነ በመልእክት የደረሰዎን ቁጥር ይንገሩኝ» ለሚል ድምፅ ግን ፊርማም ማኅተምም አንጠይቅም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ቁጥር ተናግሮ የወር ደመወዙን አጣ። (የሒሳብ መምህር ነው!) በኢሜይልም የላኪው ስም እንደ ተፈለገ ሊጻፍ ይችላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይቀጣል፤ ይኸውም ከተያዘ ነው። ስለዚህ ባንኮች «የምስጢር ቁጥር በስልክ አንጠይቅም» የሚል ማስታወቂያ በየቅርንጫፋቸው በር ላይ በትልቁ ጽፈው እንዲለጥፉልን በትሕትና አመለክታለሁ።

አንድ መምህር
ከቀሐ፣ ጎንደር